አልዞር ያለ ቁልፍ፣ የተቆለፈ መሪ፦ ማላላት፣ ቁልፍ ማስቀረጽ፣ ማስጠገን ወይስ መቀየር?

የመኪናው ቁልፍ ገብቷል፣ ግን አይዞርም። መሪውም ደርቆ ቀርቷል። እንዲህ ሲሆን አንዱ «ዘይት ንፋበት» ይላል፣ ሌላው «ሙሉውን ቀይረው»፣ ሦስተኛው «ቁልፉን በፒንሳ ይዘህ አዙረው»። ምክሩ የሚለያየው «ቁልፉ ተጣበቀ» የሚባለው አንድ ብልሽት ስላልሆነ ነው። የያዘው የመሪው መቀርቀሪያ ሊሆን ይችላል፤ የተበላ የቁልፍ ጥርስም፣ ያለቀ ሲሊንደርም፣ ቦታውን ያልያዘ ካምቢዮም ሊሆን ይችላል። ያለምንም ወጪ በአንድ ደቂቃ የሚፈታውን ችግር ውድ ዕቃ ገዝተው የሚፈቱ ብዙ ናቸው። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ያለቀውን ሲሊንደር በጉልበት ሲታገሉ ቁልፉን ውስጥ ሰብሮ ማስቀረት ነው። ስለዚህ ከመምረጥ በፊት የያዘው የቱ እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

የያዘው የቱ ነው?

ቁልፉ የሚገባበት ክፍል ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ የያዘ ነው። ከፊት ቁልፉን የሚቀበለው ሲሊንደር አለ። ከኋላው መብራቱን፣ ሞተሩንና ሞተሪኖውን የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ስዊች ይቀመጣል። ሁለቱን የሚይዘው ቀፎ ከመሪው ዘንግ ጎን በብሎን ይታሰራል፤ በሆዱም በሞላ የሚገፋ የብረት መቀርቀሪያ አለ። ቁልፉ ሲነቀል መቀርቀሪያው ይለቀቅና መሪው ትንሽ ሲዞር ዘንጉ ላይ ያለውን ጎድጓዳ ቦታ አግኝቶ ይገባል። ቁልፉ ሲዞር ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።

ጣጣው የሚመጣው መኪናው ጎማው ተጣሞ ሲቆም ነው። ከመንገድ ጠርዝ ጋር የተጣበቀ ወይም ቁልቁለት ላይ ዞሮ የቆመ ጎማ ላስቲኩ እንደተጠመዘዘ ይቀራል፤ ያ ጉልበት በመሪው ዘንግ በኩል መጥቶ መቀርቀሪያውን ወደ ጎን ይጫነዋል። የተጫነ መቀርቀሪያ አይንሸራተትም፤ እሱ ካልተንሸራተተ ቁልፉ አይዞርም። በዚህ ጊዜ ሲሊንደሩም ቁልፉም ጤነኛ ናቸው።

ሲሊንደሩ ውስጥ በአብዛኛው ከ6 እስከ 10 የሚደርሱ ስስ የናስ ምላሶች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ትንሽ ሞላ አለው። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ሁሉም ከሲሊንደሩ ወገብ ጋር እኩል ይሆናሉ። አንዱ ብቻ በጥቂቱ ወጣ ካለ ሲሊንደሩ አይዞርም። ጥርሱ የተበላ ቁልፍ፣ ያለቀ ምላስ፣ የተሰበረ ሞላ ወይም የተከማቸ አቧራና ቅባት የሚያመጡት ውጤት ይኸው ነው።

ለመለየት መጀመሪያ መሪውን ይሞክሩ። ደርቆ ከያዘና ቁልፉ ሳይቸገር እስከ መጨረሻው ከገባ ተጠርጣሪው መቀርቀሪያው ነው። መሪው በነጻ እየዞረ ቁልፉ እንቢ ካለ፣ ወይም ቁልፉን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ሲያደርጉት ድንገት የሚዞር ከሆነ፣ ችግሩ ከጥርሱ ወይም ከምላሶቹ ነው። ከዚያ ለወራት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን ትርፍ ቁልፍ ይሞክሩ፦ እሱ ያለ ችግር ከዞረ ያለቀው ቁልፉ ነው፤ እሱም ከተቸገረ ሲሊንደሩ ነው። ይህ አንድ ሙከራ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ገንዘብ ያድናል። ቁልፉ ግማሽ መንገድ ገብቶ ከቆመ ውስጡ ባዕድ ነገር ወይም ስባሪ አለ። እስከ «ኦን» ዞሮ ሞተሩ ካልተነሳ ግን ባትሪው፣ ሞተሪኖው፣ ስዊቹ ወይም ኢሞቢላይዘሩ (ቁልፉ ውስጥ ያለውን ቺፕ ካላወቀ ሞተሩን የሚከለክለው የኤሌክትሮኒክ መከላከያ) ስለሆነ ከታች ያሉት አማራጮች አይረዱም።

በምን እንመዝን?

ዋናው መመዘኛ አማራጩ የእርስዎን ጥፋት ይፈታል ወይ የሚለው ነው። ቀጥሎ ወጪው፦ ሲያሰሉ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የእጅ ዋጋን፣ መኪናው የማይንቀሳቀስ ከሆነ የማስጎተቻውንና የቺፕ ማስመዝገቢያውን ይጨምሩ። ሦስተኛው ሥራው መኪናው በቆመበት መሠራቱ ነው። አራተኛው ከተሳሳቱ መመለስ መቻልዎ ነው፤ ቅባት ይጠረጋል፣ የተቦረቦረ ሲሊንደር ግን አይመለስም። በመጨረሻም የበሩና የሞተሩ ቁልፍ አንድ ሆኖ መቀጠሉ ለብዙ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

1. መቀርቀሪያውን በእጅ ማላላት

መሪው ለደረቀበት ሁኔታ ሁሌም የመጀመሪያው አማራጭ ይህ ነው። የእጅ ፍሬን ይያዙ። ከቁልፉ ላይ ሌሎች ቁልፎችንና ማንጠልጠያዎችን ያውጡ። ቁልፉን እስከ መጨረሻው ያስገቡና መሪውን በአንድ እጅ በቀስታ ወደ ሁለቱም ጎን ይግፉት። በአንደኛው በኩል ፈጽሞ አይነቃነቅም፤ በሌላኛው በኩል ትንሽ ይሰጣል። በሚሰጠው በኩል ገፍተው ያዙት፤ ሳይለቁም ቁልፉን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጉልበት ብቻ ያዙሩ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ መሪው አስቀድሞ ተገፍቶ ይያዝ፣ ቁልፉ ከዚያ ይከተል። በአንዴ ካልሆነ ቁልፉን በለዘብታ እንደጫኑ መሪውን ግራ ቀኝ እያሉ ይሞክሩ። ሲፈታ መቀርቀሪያው ሲወጣ ኳ የሚል አጭር ድምፅ ይሰማል።

የብዙዎች ስህተት መሪውን በሁለት እጅ ባለ በሌለ ኃይል መጎተት ነው። በተሳሳተው አቅጣጫ በጎተቱ ቁጥር መቀርቀሪያው የባሰ ይጫናል። መቀርቀሪያው ብረት ሲሆን ቀፎው ብዙ ጊዜ ከዚንክ ቅይጥ ስለሚሠራ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው ቀፎው ነው።

በየትኛውም በኩል ካልሰጠ ጫናው የመጣው ከጎማው ነው። ሜዳ ላይ ከሆኑ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ወይም በታኮ ደግፈው የተጫነውን የፊት ጎማ በክሪክ ከመሬት ትንሽ ማንሳት የተጠመዘዘውን ላስቲክ ያላላዋል። ከዚያ ከላይ ያለውን ይድገሙ። ቁልቁለት ላይ ግን ክሪክ አያስገቡ፤ የእጅ ፍሬን ለቀው መኪናውን ለማስገፋትም አይሞክሩ። ሞተር ያልተነሳ መኪና ፍሬን ከጥቂት መርገጥ በኋላ ይደርቃል፣ መሪውም ተቆልፏል።

ይህ ችግር የሚደጋገም ከሆነ መኪናውን ሲያቆሙ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ጎማውን ያቅኑ። ጎማው ቀጥ ብሎም ከያዘ መቀርቀሪያው ወይም የሚንሸራተትበት ቦታ አልቋል፤ ወደ አማራጭ 6 ይሂዱ።

2. ማጽዳትና ማለስለስ

ቁልፉ ሲገባ ሲሻክር ወይም አንዳንዴ ብቻ ሲይዝ የሚበጀው ይህ ነው። ያለቀ ምላስን አያድንም፤ በቆሻሻ የተያዘን ግን ያላቅቃል። የሚመረጠው ፈሳሽ ወይም ዱቄት ግን ለውጥ ያመጣል።

ደብሊውዲ-40ን የመሰሉ ዘልቆ ገብ ፈሳሾች ያረጀ ቅባትን በማሟሟት ጎበዝ ናቸው፤ ለዘላቂ ማለስለሻነት ግን ደካማ። የሚተዉት ስስ ዘይት አቧራ ይሰበስብና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ችግሩን ይመልሰዋል። የቴፍሎን ደረቅ ስፕሬይ ፈሳሹ ተንኖ ደረቅ ሽፋን ብቻ ስለሚቀር አቧራ አይዝም፤ ለአብዛኛው ሰው የምንመክረው እሱን ነው። የግራፋይት ዱቄትም ደረቅና ዘላቂ ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ከሲሊንደሩ ኋላ ደግሞ ስዊች አለ። ስለዚህ አንድ ሁለት ጊዜ እፍ ማለት ይበቃዋል። ግራፋይትና ዘይት ፈጽሞ አይቀላቀሉም፤ ሲገናኙ ጥቁር ጭቃ ሆነው ምላሶቹን ይይዛሉ። የሞተር ዘይትና ግራሶ ለዚህ ቦታ አይሆኑም።

አሠራሩ፦ ቁልፉን በጨርቅ ያጽዱ። የስፕሬዩን ቀጭን ቱቦ ከቀዳዳው አፍ አስገብተው ከ1 እስከ 2 ሰከንድ ብቻ ይንፉ። ቁልፉን ሳያዞሩ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያስገቡ ያውጡ፤ በየመሐሉ ቁልፉ ላይ የሚወጣውን ጥቁር ነገር ይጥረጉ። ቁልፉ ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነ 10 ደቂቃ ያህል ሳያስነሱ ይቆዩ። ቆርቆሮውን ግማሽ መርጨት አይጠቅምም፤ ትርፉ ፈሳሽ ወደ ስዊቹ ወርዶ የመገናኛዎቹን ቅባት ያጥባል።

ከዚህ በኋላ ለጥቂት ቀን ተሽሎት ተመልሶ ከያዘ ዕቃው አልቋል ማለት ነው። ደጋግሞ መርጨት ቀኑን ከማራዘም በቀር ፋይዳ የለውም።

3. አዲስ ቁልፍ በኮድ ማስቀረጽ

ትርፍ ቁልፉ ሠርቶ የዘወትሩ ከተቸገረ መልሱ ይህ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ወደ ብርሃን ቢያነሷቸው የዘወትሩ ጥርሶች ጫፋቸው ተጠራርጎና ክብ ሆኖ ይታያል። ያለቀውን ቁልፍ ለቁልፍ ቀራጭ ሰጥተው «ይህን አስመስለህ ቅረጽ» ካሉት ግን መበላቱም አብሮ ይቀረጻል። መነሻው ትርፉ ቁልፍ ወይም የፋብሪካው ኮድ መሆን አለበት። ኮዱ ብዙ ጊዜ መኪናው አዲስ ሲገዛ ከቁልፎቹ ጋር በምትመጣ ትንሽ የብረት ምልክት ላይ ይገኛል። ከሌለች ባለ 17 ፊደልና ቁጥር የሆነውን የሻንሲ ቁጥርና የባለቤትነት ሰነድ ይዞ ከአምራቹ ወኪል መጠየቅ ይቻላል።

ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና ከሆነ የተቀረጸው ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ቺፑ ለመኪናው መመዝገብ አለበት። ወጪ የሚቀንስ መንገድ አለ፦ ብዙ ቁልፎች ላይ የድሮውን ቺፕ አውጥቶ ወደ አዲሱ እጀታ ማዛወር ይቻላል፤ ምዝገባም አይጠይቅም። ይህን ሲያሠሩ አሮጌውን እጀታ አይጣሉ። ቺፑ ከባትሪው ሰሌዳ ተለይቶ እጀታው ጥግ የተሸጎጠ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ከፕላስቲኩ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ይገባል።

4. ሲሊንደሩን ማስፈታትና ምላሶቹን ማስቀየር

ጥሩ ቁልፍ ሠሪ ሲሊንደሩን አውጥቶ ያጥበዋል፣ ያለቁትን ምላሶችና ሞላዎች በተመሳሳይ ቁጥር ይተካል። ቁልፍዎ አይቀየርም፣ የበሩም አብሮ ይቀጥላል። አዲስ ዕቃ ለማይገኝለት የቆየ መኪና ከሁሉ የተሻለ ነው። አንድ ነገር ግን አይፍቀዱ፦ ያስቸገረውን ምላስ ነቅሎ መጣል ወይም በሞረድ መጨረስ። ቁልፉ ያን ቀን በቀላሉ ይዞራል፤ ነገር ግን ሌላ ቁልፍም ሊያዞረው ይችላል፣ ከዚያም ሲብስ እየነዱ ቁልፉ ወጥቶ ሊወድቅ ይችላል።

5. ሲሊንደሩን ብቻ መቀየር

ትርፍ ቁልፉም ሲቸገር፣ ቀፎውና መቀርቀሪያው ግን ጤነኛ ሲሆኑ የሚመረጥ ነው። በብዙ መኪና ላይ እንዲህ ይሠራል፦

1. የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና የአምራቹ መመሪያ ለኤርባግ የሚያዘውን ጊዜ ይጠብቁ።
2. ከመሪው ሥር ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ብሎኖች ፈትተው ሁለቱን ግማሾች ይለያዩ። ከመሪው ጋር የተያያዙ ቢጫ የኤርባግ ሶኬቶችን አይንኩ።
3. ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለውን፣ ቺፑን የሚያነበውን ቀለበት በጥንቃቄ ያውጡ። አይሰበር፤ ወደ አዲሱ ይዛወራል።
4. ቁልፉን «ኤሲሲ» (ከ«ሎክ» ቀጥሎ ያለው፣ ከ«ኦን» የሚቀድመው ቦታ) ላይ ያድርጉ። በቀፎው ጎን ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ካቻቢቴ ወይም ጠንካራ ሽቦ አስገብተው ያዡን ፒን ይጫኑ፤ ሲሊንደሩን በቁልፉ ወደ ውጭ ይሳቡ።
5. አዲሱን በዚያው ቦታ ያስገቡ። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት ሁሉንም ቦታ ደጋግመው ያዙሩ፤ ቁልፉን ነቅለው መሪው መቆለፉን፣ መልሰው መፈታቱን ይፈትሹ።

አራተኛው እርምጃ ላይ ያለው ነገር ሙሉውን ውሳኔ ይለውጣል። ቁልፉ «ኤሲሲ» ካልደረሰ ፒኑ አይለቅም፤ የሚቀረው ሲሊንደሩን በትራፓኖ መቦርቦር ነው። እሱም ሰዓታት ይወስዳል፣ የብረት ብናኙ ስዊቹ ውስጥ ይገባል፣ ቀፎውም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ «አንዳንዴ ይይዛል» በሚባልበት ደረጃ ላይ ሳለ መቀየር፣ ጨርሶ እስኪቆም ከመጠበቅ በብዙ ይረክሳል። አንዴ ከዞረልዎ መኪናውን ቀጥታ ወደሚሠራበት ቦታ ይውሰዱት።

ሲገዙ ሁለት ምርጫ አለ። ከራሱ ቁልፍ ጋር የሚመጣው ርካሽ ነው፣ ግን በሩ በአንድ ቁልፍ ሞተሩ በሌላ ይሆናል። በኮድ የሚታዘዘው ይዘገያል፣ ይወደዳልም፤ ቁልፍዎ ግን እንዳለ ይቀጥላል። የድሮው ቺፕ በአዲሱ እጀታ ውስጥ ከገባ ኢሞቢላይዘሩ የሲሊንደሩን መቀየር አያውቅም።

6. ቀፎውን ከነመቀርቀሪያው መቀየር

መቀርቀሪያው ሲሰበር፣ ቀፎው ሲሰነጠቅ ወይም ጎማው ቀጥ ብሎም መሪው ሲይዝ ሌላ መንገድ የለም። ቀፎው የሚታሰረው ጭንቅላታቸው ሲጠብቅ እንዲቆረጥ ተደርገው በተሠሩ ብሎኖች ነው፤ ሌባ እንዳይፈታቸው። ለማውጣት በመሮ ጎን ለጎን እየመቱ ማዞር ወይም መሐላቸውን በስተው በብሎን ማውጫ መፍታት ያስፈልጋል። ሲመለስ አዲስ ተቆራጭ ብሎኖች ይገባሉ፤ ተራ ብሎን የመኪናውን መከላከያ ያሳጣል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ያገለገለ ቀፎ ከነቁልፉ ማግኘት ወጪውን ይቀንሳል። ከመግዛትዎ በፊት ከካምቢዮው ዓይነት (ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ) ጋር መመሳሰሉን፣ የስዊቹን ሶኬት ቅርጽ፣ ከሁሉ በላይ ቁልፉ ሳይነቃነቅ በሁሉም ቦታ መዞሩን በእጅዎ ይሞክሩ። የተበላ ቁልፍ ይዞ የሚመጣ ያገለገለ ቀፎ የራስዎን ችግር በሌላ ሰው ችግር መቀየር ነው።

ቁልፉ ካልወጣስ?

አውቶማቲክ መኪና ካምቢዮው «ፒ» (ፓርክ) ላይ መሆኑን ካላረጋገጠ ቁልፉን አይለቅም። ፍሬን ረግጠው ማርሹን ከ«ፒ» አውጥተው በጠንካራ እጅ ይመልሱት፤ ወደ ፊት ገፍተው እንደያዙ ቁልፉን ያዙሩ። እንዲህ ሲሆን የሚወጣ ከሆነ የካምቢዮው ኬብል ወይም ስዊች መስተካከል አለበት፤ ሲሊንደር መግዛት ከንቱ ነው። በአንዳንድ መኪና ይህ መያዣ በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ ባትሪ ሲሞት ቁልፉ ይያዛል፤ ባትሪውን በኬብል ማስነሳት ይፈታዋል። አንዳንድ ማንዋሎች ላይ ደግሞ ከ«ኤሲሲ» ወደ «ሎክ» ለመመለስ ቁልፉን ወደ ውስጥ መጫን ግድ ነው። ቁልፉ እንደተያዘ መኪናውን ጥለው መሄድ ካለብዎ የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ፤ አለዚያ ባትሪው ያልቃል።

የማናበረታታቸው

ቁልፍን በፒንሳ ማዞር ቁልፉን ይሰብራል። የመሪውን መቀርቀሪያ ቆርጦ መጣል እንደ መፍትሔ ይቀርባል፤ ቀፎው ውስጥ የቀረ ስባሪ እየነዱ ሳለ ዘንጉ ላይ ሊወድቅ ይችላልና አይሞክሩት። ቁልቁለት እየወረዱ ሞተር አጥፍቶ ቁልፍ መንቀል መሪውን መቆለፍ ነው። ከባድ የቁልፍ ዘለላም ይቅር፦ በየመንገዱ እየተወዛወዘ ምላሶቹን ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ጄኔራል ሞተርስ 2.6 ሚሊዮን ገደማ መኪናዎችን ለጥገና መልሶ የጠራው ስዊቹ በመንቀጥቀጥ ወይም በዘለላው ክብደት ከ«ኦን» ተንሸራቶ ሞተሩን እያጠፋና ኤርባጉን እያቦዘነ ስለነበር ነው፤ እስኪጠገን ድረስ ለባለቤቶቹ የተሰጠው ምክርም ቁልፉን ብቻውን መያዝ ነበር።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | መቼ ይመረጣል | ወጪ | ጊዜ | ማን ይሠራዋል | ዋና ስጋት |
|---|---|---|---|---|---|
| 1. መቀርቀሪያ ማላላት | መሪው ደርቆ ሲይዝ | የለም | ደቂቃዎች | ማንም | በጉልበት ቀፎ መስበር |
| 2. ማለስለስ | ሲሻክር፣ አልፎ አልፎ ሲይዝ | በጣም ዝቅተኛ | ግማሽ ሰዓት | ማንም | ብዙ መርጨት፣ መደባለቅ |
| 3. ቁልፍ በኮድ | ትርፍ ቁልፍ ሲሠራ | ዝቅተኛ፤ ከቺፕ ምዝገባ ጋር መካከለኛ | ቁልፉ ሰዓት፣ ኮዱ ቀናት | ቁልፍ ቀራጭ | ከተበላ ቁልፍ መቅዳት |
| 4. ምላስ ማስቀየር | ሲሊንደር አልቆ አዲስ ሲታጣ | መካከለኛ | ሰዓታት | ቁልፍ ሠሪ | ምላስ ነቅሎ መተው |
| 5. አዲስ ሲሊንደር | ትርፍ ቁልፍም ሲቸገር | መካከለኛ | ከ1 እስከ 2 ሰዓት፤ ካልዞረ ብዙ | ልምድ ያለው ሰው ወይም መካኒክ | «ኤሲሲ» ካልደረሰ መቦርቦር |
| 6. ሙሉ ቀፎ | መቀርቀሪያ ወይም ቀፎ ሲሰበር | ከፍተኛ | ግማሽ ቀንና በላይ | መካኒክ | የማይመሳሰል ዕቃ |

ለማን የቱ?

መንገድ ላይ ለቆመ ሰው 1 ከዚያ 2 ናቸው፤ ሁለቱ ካልሠሩ ያቁሙና ባለሙያ ይጥሩ። ቁልፉ ውስጥ ከተሰበረ ሂሳቡ ይለወጣል።

በጀቱ ጠባብ ለሆነ ትርፍ ቁልፉን የዘወትር ማድረግ ዛሬውኑ ይቻላል፤ ግን እሱም ሳይበላ አንድ ቅጂ ከሱ ላይ ያስቀርጹ። ቀጥሎ ምላስ ማስቀየር ይመጣል።

ቀኑን ሙሉ በመኪናው ለሚሠራ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ለሚያጠፋና ለሚያስነሳ ሹፌር፣ በኮድ የታዘዘ አዲስ ሲሊንደር ከአዲስ ቁልፍ ጋር አብሮ መግባት አለበት። አዲስ ሲሊንደር ላይ ያረጀ ቁልፍ መጠቀም ምላሶቹን ቶሎ ያበላሻል።

መኪናውን በቅርቡ ለሚሸጥ የራሱ ቁልፍ ያለው ርካሽ ሲሊንደር ይበቃዋል፤ ሁለት ቁልፍ መኖሩን ለገዢው ይንገር።

በቁልፍ ሳይሆን በቁልፍ-አልባ መጫኛ ለሚነሱ መኪናዎች ሲሊንደሩ ስለሌለ ከ2 እስከ 5 ያሉት አይመለከቷቸውም። መቀርቀሪያውን የሚያወጣው ትንሽ ሞተር ነውና፣ መሪውን ግራ ቀኝ እያሉ ፍሬን ረግጠው ማስነሻውን ይጫኑ። ካልሆነ መጀመሪያ የባትሪውን ቮልቴጅ ያስለኩ፦ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12 በታች ከወረደ መቆለፊያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ባትሪውን ይሙሉ።